ምሰሶ የምትደበድበው ሴት

በአንዲት ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር አንዲት ባለወፍጮ ዱላዋን ይዛ ትወጣና ደጃፏ ላይ የቆመውን የመብራት ምሰሶ ትደበድባለች። ከምሰሶው አናት የላላው ሽቦ ይነካካና መብራቱ ይመጣል። አቤቱታ የሚሰማ ስላልነበረ ሰፈሩ ስድስት ዓመት በዚሁ ኖረ።

አንድ ቀን የመብራት ኃላፊው ከነአጃቢዎቹ መጣና ሪባን ቆርጦ አዲስ ማሽን መረቀ። «ይህ ማሽን ብልሽቱን ራሱ ያውቃል፤ መብራቱን ራሱ ይመልሳል። የሰው እጅ አያስፈልገውም!» አለ በሞንታርቦ። ቀጥሎም ባለወፍጮዋን አስጠራት።

«አንቺ ሴትዮ! በይ ሰው ፊት ዱላሽን ጣይና ኋላ ቀርነትሽን እመኚ!»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሞንታርቦው ጸጥ አለ፤ መብራት ጠፋ። ባለሙያዎቹ ወደ ማሽኑ ሮጡ። ማሽኑ ግን በባትሪው አረንጓዴ እያበራ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለና፣ «እናቴ፣ እባክዎ አንዴ መታ ያድርጉልን» ሲል ለመናት።

እሷም ዱላዋን ወደ እሱ ዘርግታ፣ «ጌታው፣ ሳይሠራ ለተመረቀው ሪባን ቆርጠዋል። ይህ ግን ስድስት ዓመት ሳይመረቅ ሠራ። የተረፈ ሪባን ካለዎት ለእሱም ይቁረጡለት፤ ያኔ እመታለሁ» አለችው።