ጡት ማጥባት የተማረችው አዋላጅ

አንዲት አዋላጅ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቶችን ስታዋልድና ጡት ማጥባት ስታስተምር ኖራ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ በዚያው በምትሠራበት ሆስፒታል የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ወለደች።

ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። ጫፉን ብቻ ትስብና ትለቃለች፤ ታለቅሳለች። የእናትየው ጡት ተሰነጣጠቀ። ተረኛዋ አዋላጅ ጸዳለ የምትባል፣ እሷው ራሷ ያስተማረቻት ልጅ ነበረች።

«ሲስተር፣ ጠባችልዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«በደንብ ነው የምትጠባው» አለች እናትየው።

ጸዳለ የመምህሯን ቃል አምና ወደ ሌላው አልጋ አለፈች። በማግስቱም ጠየቀቻት፤ መልሱ ያው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ ማልቀሷን ተወች። ሽንት ጨርቋ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው። እናትየውን የምታስታምመው እህቷ፣ «ተመስገን፣ ጠግባ ተኛች» አለች። እናትየው ግን ያ እንቅልፍ የጥጋብ ሳይሆን የረሃብ ድካም እንደሆነ ታውቃለች። ፈራች።

ወዲያው ጸዳለን አስጠራቻት። በክፍሉ የተኙት አምስት እናቶች እየሰሙ፣ «ዋሽቼሻለሁ፤ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ በቅጡ አልጠባችም። አቅቶኛል። እንደማንኛዋም እናት ቆጥረሽ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አለቻት።

ጸዳለ ሐኪም ጠርታ ሕፃኗን አስመረመረች። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ከእናትየው ጡት ጥቂት ወተት በእጇ ጨምቃ ለሕፃኗ በማንኪያ ሰጠቻት። የቀዶ ጥገናውን ቁስል እንዳትነካው በእናቷ ብብት ሥር በጎን አድርጋ በትራስ ደገፈቻት። አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቃ አስጠጋቻት። ሦስት ጊዜ አልሆነም። በአራተኛው ያዘች፤ ስትውጥ ድምፁ ተሰማ።

«ስንቷን አስተምሬ የራሴ እንዴት ጠፋኝ?» አለች እናትየው፣ እንባዋ እየወረደ።

«ሲያስተምሩ ከፊት ቆመው ነው የሚያዩት» አለች ጸዳለ። «የምታጠባዋ እናት ግን ከላይ ስለሆነች፣ ጡት በደንብ መያዟ የሚታወቅበት የሕፃኗ የታችኛው ከንፈር አይታያትም።»

ይህን የነገርኩህ ለጥያቄህ መልስ ይሆን ብዬ ነው። አንተ ገና ማስተማር መጀመርህ ነው፤ «ተማሪዎቼ ፊት አላውቅም ብል አልናቅም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አዋላጇ ክብሯን ስትጠብቅ ሁለት ቀን የተራበችው ልጇ ናት። አንተም የማታውቀውን ያወቅህ መስለህ ባለፍህ ቁጥር የሚራቡት ፊትህ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።