ሙስካቷና የታሰረው አውራ ዶሮ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ጠርሙስም አውራ ዶሮም እንደ ሰው አፍ አውጥተው በሚያወሩበት በዚያ ዘመን የሆነውን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉና ቤቱ ሽር ጉድ ይላል። ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ጠርሙስ ነጭ የሙስካት ወይን ጠጅ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። ጣፋጭ ናት፤ ሽታዋ የብርቱካን አበባ ሽታ ነው። ከሥሯ ደግሞ አንድ አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ ተጋድሟል።

ወይዘሮ ዘርትሁን ጠየቋት።

«እንግዳዬ፣ ከምን ጋር ላቅርብሽ?»

«እዚህ አገር ከምግብ ሁሉ የሚከበረው ማነው?»

«ዶሮ ወጥ ነዋ!»

«እንግዲያው ከዶሮ ወጥ ጋር እቀርባለሁ። ከዚያ ዝቅ ብዬ አልቀመጥም።»

አውራ ዶሮው ላባው ቆመ።

«ኧረ በፈጠረሽ! አንቺ በአይብም በኮክም ትጠጫለሽ። እኔ ያለኝ አንድ አንገት ነው!»

«አይብ? ኮክ? የልጆች መክሰስ!» ብላ ሳቀች። «ዝም በል፣ አንተ ወጥ!»

ቁሌቱ ተንተከተከ። ቢላዋው ተሳለ። ወይዘሮ ዘርትሁን ቁሌቱን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። መጠጥ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ቀጂው ይቀምሳልና፣ በዚያው መዳፍ ወይኑንም ጠብ አድርገው ቀመሱ።

«ውይ! እሳት!»

አፋቸው እንዲበርድላቸው ማር ላሱ። ወይኑን ደግመው ቀመሱ።

«ውይ! ሎሚ! ጉድ ሆንኩ፣ ተበላሽታለች! በዚህች የተነሣ ልጄ ቆማ ልትቀር ነው!»

ጠርሙሷን አንገቷን አንቀው ሊደፏት ወደ ደጅ ሮጡ።

«አልተበላሸሁም! ኧረ ሰው!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት?

አውራ ዶሮው ያያል። ዝም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ዝም አላለም።

«እሜቴ፣ ይቁሙ! ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በርበሬው ጣዕሟን ሸፈነው፤ ማሩ ደግሞ በጣፋጭነት በለጣትና ኮምጣጣ አስመሰላት። እጅዎን ይታጠቡ፣ አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ከዚያ በአይብና በኮክ ይቅመሷት።»

ታጠቡ። ተጉመጠመጡ። ትንሽ አይብ፣ አንድ ቁራጭ ኮክ፣ ከዚያ ጠብታ ወይን።

ወይዘሮ ዘርትሁን ከንፈራቸውን ላሱ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ጣዕም ይዘሽ ነው ልደፋሽ የነበረው?»

ጠርሙሷ ግን ትንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ አንገቱን ጠየቅሁ፤ እሱ አንገቴን አተረፈልኝ። እሜቴ፣ ይፍቱት። አይብና ኮክ ይበቁኛል።»

«ቁሌቱስ?»

«እንቁላል ይግባበታ!» አለ አውራ ዶሮው ገመዱን እያራገፈ። «ሚስቴን እኔ አነጋግራታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ልጅቱም ተሰጠቻቸው፣ መርቀው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙስ ስትቀዳ አንገቷን ትደፋለች። ያየ ሁሉ ትሕትና ይመስለዋል። እፍረት ነው። ለራሱ ክብር ብሎ የሌላውን አንገት የጠየቀ፣ ይቅር ቢባል እንኳ ቀና ማለት ይከብደዋል።