ቆመው የቀሩት ሁለት ካርቶኖች

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከሠላሳ አምስት የማስተማር ዘመናቸው ከሁሉ የሚናፍቃቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ዓረፍተ ነገር ማያያዝ የሚያስተምሩት በሰርግ ጨዋታ ነበርና። እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ካርቶን ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በጠመኔ ይጽፋል፤ ከዚያ ክፍሉን እየዞረ ከሱ ጋር የሚያያዝ የሌላ ልጅ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ያጋባል። የተጋቡት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ያነባሉ፤ ማርኩም የጋራቸው ነው። ሳያጋባ የቀረውን ልጅ ጓደኞቹ "ቆሞ ቀር!" እያሉ ይስቁበታል። አቤት ያ ጫጫታ! እንዴት ደስ ይል ነበር።

አንድ ዓርብ ግን ታንጉትና ይመኙሻል ቆመው ቀሩ። ሁለቱ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው፣ ቆሎ ተካፍለው ያደጉ ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው በመስኖ ውኃ ተራ ከተጣሉ ወዲህ "ከእሷ ጋር እንዳላይሽ" ተብለው አንዷ በሩ ጋ፣ አንዷ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል።

መምህሩ ካርቶኖቹን ተቀብለው አነበቡ። የታንጉት "አባቶቻችን ተጣልተዋል።" ይላል። የይመኙሻል ደግሞ "ታንጉት ትናፍቀኛለች።" ይላል። ካርቶኖቹን ለሁለቱ መለሱላቸውና፣

"በሉ አጋቧቸው" አሉ።

"ጋሼ፣ አባዬ ይቆጣኛል" አለች ታንጉት።

"አባትሽን አስታርቂ መች አልኩሽ? ዓረፍተ ነገርሽን ቶሎ አትዝጊው ነው የምልሽ።"

ታንጉት ጣቷን ምራቅ አስነክታ አራት ነጥቡን አጠፋችው። ይመኙሻልም የራሷን "እኛ ግን" ብላ አስተካክላ ጻፈችው። ከዚያ ሁለቱ ተጠጋግተው አነበቡ፦ "አባቶቻችን ተጣልተዋል፤ እኛ ግን እንነፋፈቃለን።" ያን ዕለት ማንም አልሳቀም።

የወላጆች በዓል ደረሰ። መምህሩ "ማን ያነባል?" ሲሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ያቺው አባቷን የፈራች ታንጉት ነበረች። ይመኙሻልን እጇን ይዛ አስነሣቻት። አባቶቻቸው ዳርና ዳር ተቀምጠው ሰሙ። አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። በማግሥቱ ማለዳ የታንጉት አባት አካፋውን ይዞ የይመኙሻል አባት ማሳ ድረስ ሄደና "ና እንጂ፣ ዛሬ እኮ ውኃው ያንተ ነው" አለው።

መምህሩ ያን የታንጉትን ካርቶን ዛሬም አልጣሉትም። ጠመኔው ደብዝዟል፤ አራት ነጥቡ የነበረበት ቦታ ግን የትንሽ ጣት አሻራ ይታያል።

ጠብ የሌለበት ቤት የለም። ሰውን ከሰው የሚለየው ከጠቡ በኋላ ተቻኩለን የምናስቀምጠው አራት ነጥብ ነው። እርስዎስ፣ ከማን ጋር ያለዎትን ነገር ዘግተው ተቀምጠዋል?