የምህላው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ወይራ አምባ በሚባል ኮረብታ ግርጌ ቡሊት የምትባል አሮጊት አህያ ትኖር ነበር። ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን አሸዋና ድንጋይ ስታመላልስ ኖራ፣ ጉልበቷ ሲያብጥ «በቃሽ፣ አርፊ» ተብላ የተለቀቀች ናት። «በሆሳዕና ዕለት ጌታን የተሸከመችው የኔ ቅድመ አያት ናት» እያለች ትኮራለች። ማስረጃ ጠይቋት የሚያውቅ ግን የለም።

ቡሊት የድሮውን ማውራት ነፍሷ ነበር። ውርንጭላ ሳለች ኮረብታው ከግርጌው እስከ አናቱ ዝግባና ወይራ ለብሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይንጠባጠባል። የኮረብታው ምንጭማ ገና ከማዶ ይሰማል! እናቷ «ድምፁን ተከተይ፣ አትጠፊም» ትላት ነበር። ያ ድምፅ ትዝ ባላት ቁጥር ሆዷ ይባባል።

ኮረብታውን ያራቆተው አንበሳ ነው። አንድ ቀን ቀበሮ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ዛፍ ግዛትዎን ጋርዶብዎታል» አለው። አንበሳም እውነት መሰለውና ዝሆኖችን ጠርቶ ዛፉን አስጣለ። ለቀበሮ የተመቸው ግን ጥንቸሎች መደበቂያ አጥተው በቀላሉ መያዛቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ደን የተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ለመንካት ዝሆንም ፈራ።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ጊዜውን ረሳ። ሲመጣም በአንድ ጊዜ ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። የኮረብታውን ጎን ሰርስሮ ትልቅ ቦረቦር አወጣበት። ምንጩም ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቶ ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ቀረው።

በዚህ ጊዜ አንበሳ እንስሳቱን ሰበሰበና «ምን ይሻለናል?» አላቸው።

ቀበሮ ቀድሞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ሰዎቹ እንደሚያደርጉት እኛም ድንጋይ ተሸክመን ሦስት ቀን ምህላ እንያዝ። እግዚአብሔር ካልሰማን ያው ቁርጣችንን አውቀን ወደ ቆላው ወንዝ እንወርዳለን።»

«እንውረድ! እንውረድ!» አለ አያ ጅቦ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ቡሊት ያበጡ ጉልበቶቿን አየች። ሁሉም ሲሄድ እሷ ብቻዋን እንደምትቀር ገባት። ቀና ስትል አያ ጅቦ እሷን እሷን እያየ ምራቁን ይውጣል።

በማግስቱ እንስሳቱ «እግዚኦ! እግዚኦ!» እያሉ ድንጋይ ድንጋያቸውን ተሸክመው ኮረብታውን ዞሩ። ቀበሮ የያዘው ጠጠር ከባቄላ አይበልጥም። አያ ጅቦ ትልቅ ነጭ ነገር ተሸክሞ ነበር የተነሣው፤ ዙሩ ሳይጋመስ ግን ትከሻው ባዶ ሆነ።

«ድንጋይህስ?» አለው ከርከሮ።

«ራበኝና በላሁት።»

ለካ አጥንት ኖሯል።

ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ሰዎቹ ልማድ ድንጋዩን ሜዳው ላይ ጣለ። ቡሊት ግን የራሷን እንደተሸከመች እያነከሰች ወደ ቦረቦሩ ወረደችና መሐሉ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሳም የከርከሮን ድንጋይ በአፍንጫዋ እየገፋች ወሰደች።

ቀበሮ ሳቀባት። «እመት ቡሊት፣ በምህላ ቀን ሥራ? እግዚአብሔርን አላመኑትም ማለት ነው?»

«አምኜዋለሁ እንጂ!» አለች ቡሊት። «ስንት ዘመን በደጁ ቆሜያለሁ። ንስሐ የገባን ሰው ቄሱ ቀኖና ሳይሰጡ ሲያሰናብቱት አላየሁም። የሰረቀ ይመልሳል፣ ያፈረሰ ይሠራል። እኛ ግን ማረን ማረን ብቻ። ቀኖናችን የታለ?»

አንበሳ ይህን ሰምቶ ዞረ። «ምን በድለን ነው ቀኖና የምንቀበለው?»

ቡሊት ወደ ምንጩ ዞራ አየች። ዝም ብትል ለዛሬ ትተርፋለች፤ ምንጩ ግን ይሞታል፣ እሷም አብራው።

«ጌታዬ፣ ደኑን አጥፍተናል። ያስጣሉት እርስዎ ነዎት። እኔም በጥላው ያደግሁት ‹ተዉ› አላልኩም።»

ቀበሮ ዘሎ ተነሣ። «ጌታችንን ደፈረች እኮ! ከዚህች ጋር ምን ምህላ አለ? ዛሬውኑ ወደ ቆላ እንውረድ!»

አያ ጅቦ በደስታ ፈነደቀ። «ዛሬ ነው እንዴ? እንግዲያው ቡሊትን ዛሬ ልብላት? ቀበሮ እኮ ‹ዛፍ መልሰው ከተከሉ ጥንቸሎቼ ይደበቁብኛል፤ አንተ እንውረድ በልልኝ እንጂ የምትቀረው አህያ ያንተ ናት› ብሎኛል!»

ቀበሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንበሳ ግን እሱን አላየውም፤ የሚያየው የተራቆተውን ኮረብታ ነበር።

«እናቴ የወለደችኝ እዚያ ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር። ባለፈው ሄጄ ቦታውን ብፈልገው አጣሁት።»

ይህን ብሎ ሜዳው ላይ ከወደቀው ሁሉ ትልቁን ድንጋይ አነሣና ከቡሊት ድንጋይ አጠገብ አኖረው። ቀበሮንም «አንተ ጠጠርህን ጣልና ይህን ቋጥኝ ተሸከም» አለው።

በቀሩት ሁለት ቀናት እግዚኦታው አልተቋረጠም፤ ድንጋዩ ግን ሁሉ ወደ ቦረቦሩ ወርዶ እርከን ሆነ። ጦጣዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደን የወደቀ የዝግባና የወይራ ፍሬ እየለቀሙ አመጡ። አያ ጅቦም የመትከያ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ፤ አጥንት ተቀብሯል ብለውት ነው።

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን አልመጣም። በአሥረኛው ቀን መጣ፣ ያው እንደ ልማዱ እየተቆጣ። ደራሹ ከላይ ሲወርድ እንስሳቱ ከዳር ቆመው ተመለከቱ። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ተኛ፣ ጭቃውን አራገፈ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ መሬት ሰረገ። ወደ ቆላ የወረደ እንስሳ አንድም አልነበረም።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ችግኞቹ ገና ከቡሊት ጉልበት ከፍ አላሉም። አንድ ጠዋት ከአንበሳ ጋር ስታዘግም ድንገት ቀጥ አለችና ጆሮዎቿን አቆመች።

«ምን ሰማሽ፣ እመት ቡሊት?»

«ምንጩን፣ ጌታዬ።»

«እንደ ድሮው ሆነ?»

ቡሊት እንባዋ መጣ። «አልሆነም። የድሮውን እኔ ዳግም አላየውም። ድምፁ ግን እሱው ነው። ዛሬ የምትወለድ ውርንጭላ ተከትላው ትመጣለች፣ አትጠፋም።»

በወይራ አምባ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ምህላ ተይዟል፤ ድንጋዩን ሜዳ ላይ ጥሎ የሄደ ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ እግዚአብሔርን «ማረን» ብሎ የሚለምን ሁሉ በገዛ እጁ ያራቆተውን ምድር መልሶ ማልበስ የንስሐው ቀኖና መሆኑን ነው።