ድል ያየ ሯጭ የለንም

አንድ የመልእክተኞች አለቃ ነበር፤ ባሻ ይመኑ ይባላል። ከአገሩ ዳርቻ እየሮጡ ወሬ የሚያመጡለት አርባ ሰዎች ነበሩት። እሱ ደግሞ ገበያ መሀል ነጋሪት አስመትቶ ለሕዝቡ ያሰማል።

በዚያ አገር የምሥራች ላመጣ ሰው በሬ ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ሯጮቹ ወሬውን መንገድ ላይ ያጣፍጡታል። አንድ ክረምት «ወንዙ ጎድሏል» ብለው ተሸለሙ። አምነው የወረዱ ሰባት ነጋዴዎች ከነአጋሰሳቸው በጎርፍ ተወሰዱ።

ከዚያ ወዲያ ባሻ በሬውን አስቀረ። ሯጭ ሁሉ አፉን ሲከፍት አስቀድሞ «አየሁ» ወይም «ከእገሌ ሰማሁ» እንዲል አዘዘ። እሱም ገበያ ላይ ወሬውን ማን እንዳየው አብሮ ያሰማ ጀመር።

«ባሻ፣ እንዲህማ ከሆነ ወሬያችን አልጫ ሆነ እኮ» አሉት።

«አልጫ የገደለው ሰው አላውቅም» አለ።

አንድ ቀን አሰጌ የሚባለው ሯጭ ከጠረፍ ደረሰ። «አየሁ። ጦራችን ተፈቷል። ጠላት በገበያው መንገድ እየመጣ ነው» አለ። ባሻ ሄዶ ለንጉሡ ነገረ።

«ሕዝቡ ይሸበራል። ‹ድል አደረግን› ብለህ አሰማ» አሉት ንጉሡ።

«ማን አየ ልበል፣ ጃንሆይ?»

«እኔ ብያለሁ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«እሺ፣ ጃንሆይ።»

ገበያ ወጣ። ነጋሪቱ ተመታ።

«ስሙ! ‹ድል አደረግን› ብለዋል ንጉሡ። ድል ያየ ሯጭ ግን የለንም።»

አንዲት በርበሬ ሻጭ ብድግ ብላ ጆንያዋን ማሰር ጀመረች።

«ምነው እትዬ፣ ድል ነው እየተባለ?» አላት አጠገቧ ያለው ጨው ሻጭ።

«ያየ የለማ! አንተ ቁጭ በልና ጨፍር» አለችው።

ሰው ሁሉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ተራራ ወጣ። ጠላት በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ያገኘው ባዶ ቤት ነው። የሚዘርፈው አጥቶ ተመለሰ።

ንጉሡ ባሻን አስጠሩት። «በሕዝብ ፊት አሳጣኸኝ።»

«ቃልዎን አልለወጥኩም፣ ጃንሆይ። የማን እንደሆነ ብቻ ተናገርኩ።»

ነጋሪቱን ነጠቁት። ባሻም ወደ እርሻው ተመለሰ። በቦታው ሌላ አለቃ ተሾመ፤ የበሬው ሽልማትም እንደገና ተጀመረ። አዲሱ አለቃ በመጀመሪያው ገበያ «የምሥራች!» ብሎ ጮኸ።

«አየህ ወይስ ሰማህ?» አለችው በርበሬ ሻጯ።

ገበያው በሙሉ መልሱን ጠበቀ።

ነጋሪት ይነጠቃል። ሕዝብ የለመደውን ጥያቄ ግን የሚነጥቅ የለም። ወሬ ስላማረ እውነት አይሆንም፤ አስቀድሞ ማን እንዳየው ይጠየቃል።

አንተስ ዛሬ ጠዋት ለጎረቤትህ የነገርከውን ማን አይቶት ነው?