የዝሆን ዘመድ ሽኮኮ

በድሮ ዘመን፣ ወንዙ ሁሉ ነጥፎ አንድ ኩሬ ብቻ በቀረበት ዓመት፣ እመት ሽኮኮ ገደል ላይ ትኖር ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን እልኸኛ ናት። ልጆቿ በውሃ ጥም አፋቸው ደርቋል።

ኩሬው የንጉሥ ዝሆን ነው። ዝሆን ትልቅ ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው ኩራቱ ብቻ ነው።

«ከወገኔ በቀር ማንም አይጠጣ!» ብሎ አወጀ።

ወገን እየለየች ስም እንድታወጣ ጦጢትን ሾመ። ስሙ ሁለት ነው፤ ፊት የወገን፣ ኋላ የራስ። ሕጉም ጥርስ አይቶ፣ እግር አይቶ መሰየም ነው።

አያ ከርከሮ ሾላ ይዞ መጣ። ጦጢት ሾላውን በላች።

«ዝሆን ከርከሮ!» አለችው። ገብቶ ጠጣ።

ሰጎን እንቁላል ይዛ መጣች። ጦጢት እንቁላሉን መጠጠች።

«ጥርስሽስ?»

«የለኝም፣ እመት።»

«ግድ የለም፣ ይበቅላል። ዝሆን ሰጎን!» ገብታ ጠጣች።

ሽኮኮ ባዶ እጇን መጣች። «ጥርሴን እዪው፤ እንደ ዝሆን ወደ ታች የወረደ ነው። ጥፍሬንም እዪው፤ የዝሆን ጥፍር ነው።»

ጦጢት ጥፍሯን አላየችም። መዳፏን አየች፤ ምንም የለበትም።

«አይጥ ሽኮኮ!»

ዝሆን በሳቅ ተንፈራፈረ። «ይቺ ጉድፍ የኔ ዘመድ? የሰማስ ምን ይለኛል?»

ሽኮኮ ወደ ገደሏ ተመለሰች። ልጆቿ ከድንጋይ ላይ ጤዛ ላሱ።

ኩሬው ጎደለ፣ ጎደለ፣ ጭቃ ሆነ። ዝሆን ሊጠጣ ሲገባ እስከ ሆዱ ሰመጠ።

«ዝሆን ከርከሮ! ወገኔ፣ ድረስልኝ!»

«እኔኮ አሳማ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዝሆን ሰጎን! ድረሺልኝ!»

«እኔኮ ወፍ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጦጢት!»

ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና አፏን ትጠርጋለች።

ዝሆን ወደ ገደሉ አንጋጠጠ። «ሽኮኮ!»

«አይጥ ዝሆን ያወጣል እንዴ?» አለች ሽኮኮ። «ስሜን አስተካክለህ ጥራኝ።»

ጭቃው ጆሮው ደረሰ።

«ዝሆን ሽኮኮ!» ብሎ ጮኸ። ሸለቆው ሁሉ ሰማ።

«ልጆቼስ?»

«እነሱም ዝሆን ናቸው! ይጠጡ!»

ያን ጊዜ ሽኮኮዎች ሁሉ ከገደሉ ድንጋይ አንከባለሉ። ዝሆን ድንጋዩን እየረገጠ ወጣ። መሬቱን በጥርሱ ማሰ፤ ውሃ ፈለቀ። አስቀድመው የጠጡት የሽኮኮ ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ የጦጢትን ዛፍ ነቀለው። ጦጢት ወደ ሌላ ዛፍ ዘለለች፤ እስከ ዛሬም ከዛፍ ዛፍ ትዘላለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ስም አውጪ ሲመጣባችሁ አስቀድማችሁ አፉን እዩ። ሾላ የሚያኝክ ከሆነ፣ የሚሰጣችሁን ስም አትመኑት።