ሁለት አካፋ አፈር

አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በል እንጂ አያልነህ፣ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። «አባ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ዝም ብዬ ብተወው ጊዜ ራሱ አይሽረውም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የነፍስ አባትህ ነኝና እመልስልሃለሁ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው፤ ከእሱ በታች የታናሽ ወንድሙ ማሳ አለ። ሁለቱም የአባታቸው መሬት ነው። አባትየው በሕይወት ሳለ በመካከል የድንጋይ ካብ ክቦ፣ በየዓመቱ ከዘር በኋላ ፈሰስ ያወጣ ነበር። ፈሰስ መቼም ታውቃለህ፣ የክረምቱ ውኃ አዝመራውን እንዳያጥበው በማረሻ የሚቀደድ ቦይ ነው። አባትየው ቦዩን አጋድሞ፣ ውኃውን ቀስ አድርጎ፣ በማሳው ዳር ሣር ወዳለበት መውረጃ ነበር የሚመራው። ልጆቹም ከእሱ ያዩትን ያደርጉ ነበር።

እነዚህ ወንድማማቾች አንድ አንድ በሬ ነበራቸው፤ ተቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። አንድ ሰኔ ታናሽየው ተራው ሳይደርስ በሬዎቹን ወስዶ ገብሱን ዘራ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሚስቱ ታማበት ቸኩሎ ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ታላቅየው «ናቀኝ» አለ። ንዴቱ አልበርድ ሲለው የዚያን ዓመት ፈሰስ አጋድሞ መቅደዱን ትቶ ቁልቁል ቀደደው፤ አፉን በካቡ ላይ አድርጎ ወደ ወንድሙ ማሳ ለቀቀው። «እንግዲህ እሱም ይቅመሳት» አለ።

የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ውኃው ከካቡ ላይ እየተወረወረ የታናሽየውን አፈር ቆፈረ። ጉድጓዱ መጀመሪያ ዶሮ ተኝታ የምታቅፍበት ያህል ነበር። የታላቅየው ሚስት አይታ፣ «ኧረ ተው፣ ሁለት አካፋ አፈር ይበቃዋል፤ ድፈነው» አለችው።

«ምን ቆርጦኝ? በሱ ማሳ ያለ ጉድጓድ ምን አገባኝ!»

ታናሽየውም ከታች ሆኖ፣ «ያስቆፈረው ይድፈነው» አለ። እሰይ! ሁለት ጀግኖች። ቅንጃውም ፈረሰ፤ እያንዳንዳቸው ከባዕድ ጋር ተቀናጁ።

ቦረቦር አይተሃል፤ እንዴት እንደሚያድግ ግን ልብ ብለሃል? ውኃው ቁልቁል ይሄዳል፣ ቦረቦሩ ግን ወደ ላይ ነው የሚበላው። የሚወርደው ውኃ የአፈሩን ግድግዳ ከሥር ይሸረሽረዋል፤ ሥሩ ሲከዳው ላዩ ይናዳል። በማግሥቱ ከፍ ብሎ እንደዚያው። በሁለተኛው ክረምት ካቡ ራሱ ተናደ። በሦስተኛው ቦረቦሩ የታላቅየውን ማሳ መሐል ለመሐል ገመሰው። መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር ሄደ፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ በመጨረሻ ጭንጫው ወጣ። ሰውየው በየቀኑ ያየዋል፤ በየቀኑ የሚሄደው ትንሽ ስለሆነ ግን አላስደነገጠውም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ጠዋት በሬው ሲግጥ ጠርዙ ከዳውና ቦረቦሩ ውስጥ ገባ። አንገቱ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሰውየው አካፋውን ይዞ ወረደ፤ ታናሽየውም ጩኸቱን ሰምቶ የራሱን አካፋ ይዞ ከታች መጣ። ከሞተው በሬ አጠገብ ተገናኙ። ታላቅየው አለቀሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ና፣ እንድፈነው» አለ።

ታናሽየው ግራ ቀኙን ተመለከተ። «በምን አፈር፣ ጋሼ?» አለው።

አፈሩማ ወንዝ ወርዷል። አፈር እኮ ድንገት አይገኝም። ዐለት ቀን ፀሐይ ሲያግለው፣ ሌሊት ውርጭ ሲያቀዘቅዘው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ሥር ይገባል፤ ከስንትና ስንት ትውልድ በኋላ አንድ እፍኝ አፈር ይሆናል። ያንን እፍኝ አንድ ዶፍ ጠርጎት ይሄዳል። ወንድማማቾቹ ይቅር ተባባሉ፣ እግዚአብሔርም ተቀበላቸው። ማሳው ግን አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው አገር ለቀው ሄዱ።

እንግዲህ አያልነህ፣ ያ ሰውዬ አንተ ነህ። ፈሰሱ በወንድምህ ላይ የተናገርከው ክፉ ቃል ነው፤ ይሽረዋል ያልከኝ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ነው። ዝናብ ጉድጓድ ሲደፍን አይተህ ታውቃለህ? በእሱ ላይ የለቀቅኸው ይመስልሃል፤ ወደ አንተ ግን እየወጣ ነው። ባለፈው እሑድ ልጅህ የአጎቷን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይታ ፊቷን ስታዞርባት አየሁ። ማን አስተማራት? ካቡ ተንዷል ማለት ነው፣ ልጄ። እኔ ደነገጥኩ፤ አንተ አልደነገጥክም።

ወንድምህ አልጋ ከያዘ ወር አልፎታል፤ አልሰማሁም አትበለኝ። ዛሬ አፈሩ ገና በእጅህ አለ። ገብተህ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብትለው ይበቃል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

መስቀሌን አትጠብቅ፤ እዚህ አላሳልምህም። ወደ እሱ ቤት ይዤው እመጣለሁ፤ ሁለታችሁን በአንድነት ነው የማሳልማችሁ። በል ተነሥ፣ ቅደመኝ።